የሳጃናው የዓርብ ቤትና የእኔ ጉበት

ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያጣው ጤናውን ይመስለዋል። እኔ መጀመሪያ ያጣሁት ደንበኛ ነው። ኦምዱርማን ውስጥ በአንዲት ሐጃ ግቢ ቶብ ዘርግቼ ነበር፤ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉትን ረጅሙን ልብስ። ቢጫውን ብድግ አድርጌ፣ «ሐጃ፣ ይሄ እርስዎ ላይ ፀሐይ ነው የሚመስለው» አልኳቸው። ሴትየዋ ቶቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ቶቡን አዩ።

«ያ ቢቲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ዓይንሽ ከቶብሽ የበለጠ ቢጫ ነው። ዛሬ ካንቺ ምንም አልገዛም። ሂጂ ታከሚ።»

ነጋዴ ነኝና «ሰማያዊም አለኝ» አልኳቸው። አልሳቁም። እስከ በር ሸኝተው በሩን ዘጉት። የበሽታዬ የመጀመሪያ ሐኪም እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ካየኋቸው ነጭ ጋዋን ከለበሱት ከብዙዎቹ ይልቅ የእሳቸው ምርመራ ልክ ነበር።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ዘሃራ እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም፤ የተማርኩት ገበያ ላይ ነው፣ የተፈተንኩትም እዚያው። የምጽፈው በሰው ቤት ስትለፋ ውላ፣ ወገቧን አሟት፣ አንድ መርፌ ተወግታ «ተገላገልኩ» የምትል ልጅ ዛሬም እንዳለች ስለማውቅ ነው። የምትጠይቀው ሰው ካጣች ይህን ታንብብ።

ግን መጀመሪያ ስለ ቤቱ ላውራ። ስለሱ ሳላወራ ወደ በሽታው ማለፍ አይሆንልኝም።

ሳጃና በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንዲት ሱዳናዊት ሐጃ ከግቢያቸው ጥግ ያለችውን ክፍል አከራይተውን ነበር። የዓርብ ቤት ነበር የምንላት። ሳምንቱን ሙሉ በአሠሪ ቤት የሚያድሩ ልጆች በጋራ ይከራዩአታል፤ ሻንጣቸው እዚያ ይቀመጣል፣ እነሱ በእረፍት ቀናቸው በዓርብ ይመጣሉ። ዘወትር የምኖርባት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሻንጣዎቹ ዘበኛ እኔ ነበርኩ። ዓርብ ጠዋት በሩ መንኳኳት ይጀምራል። አንዷ ከአሠሪዋ ኩሽና የተረፈ ጣፋጭ ይዛ ትመጣለች፣ አንዷ ከደሴ የተላከ ካሴት፣ አንዷ ደግሞ የሳምንት ለቅሶዋን። ሁሉም እኩል ይቋደሳል። ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር። የገመድ አልጋዎቹን ከሥሩ አውጥተን፣ በጀርባችን ተጋድመን፣ አሠሪዎቹን እንደ ታጠበ ሸሚዝ እያገላበጥን እናማቸው ነበር። ከሸክላው ጋን የሚቀዳው ቀዝቃዛ ውሃ ጣዕሙ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። እዚያ ቤት እንደሳቅኩት የትም አልሳቅኩም። እዚያ ቤት እንደታመምኩትም የትም አልታመምኩም።

መርፌው የገባው በወገቤ በኩል ነው። የምሸከመው የቶብ እስር ከእኔ ይከብድ ነበር፤ አውቶቡስ ላይ እሰቅላለሁ፣ ድልድይ እሻገራለሁ፣ በየበሩ እፈታለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። ወገቤ እምቢ ሲል አንድ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ጠንካራ ማስታገሻ ወጋኝ፤ ሆዱ በቀዶ ጥገና ለተከፈተ ሰው የሚሰጠውን ዓይነት። ወገቤ ብቻ ሳይሆን ሐሳቤም አብሮ ዳነ። ናፍቆት የሚሉት ዕዳ ለጥቂት ሰዓት ከትከሻዬ ወረደ። እንዲህ ያለ ዕቃ ያገኘ ነጋዴ ለወዳጁ ሳይናገር አያድርም፤ ለሰዓዳ ነገርኳት።

ሰዓዳ የከሚሴ ልጅ ናት። በዕድሜ ጥቂት ታንሰኛለች፣ በምላስ ግን ትበልጠኛለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስታጥብና ስትተኩስ ስለምትውል እግሯ ያብጥ ነበር። ከሷ ወደ ሌሎቹ አለፈ። ዓርብ ከምሳ በኋላ ልማድ ሆነ፤ አንድ መርፌ ለሁሉም።

ለምን አንድ ትሉ ይሆናል። ንፍገት አልነበረም። በዚያ ቤት ለብቻ መብላት ነውር ነው፣ ለብቻ መጠጣት ነውር ነው፤ «ይሄ የእኔ ነው» ብሎ መርፌ መለየት ደግሞ እህትን መጸየፍ ይመስለን ነበር። ቆሻሾችም አልነበርንም። እኔ ሽቶም እሸጥ የለ? መርፌው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲያልፍ ከኮሎኛ ጠርሙሴ እነክረዋለሁ፣ ያውም ከውዱ። ካርቱም ውስጥ እንደኛ መዓዛ ባለው መርፌ የተወጋ ሰው አልነበረም።

የኦምዱርማኗ ሐጃ በር ከተዘጋብኝ በኋላ ሕክምና ጀመርኩ። ምግብ ሲሸተኝ ያስመልሰኛል፣ ሽንቴ የቆየ ሻይ መስሏል፣ አንድ ቶብ አንስቼ ማጠፍ ያቅተኛል። የመጀመሪያው ክሊኒክ ሐኪሙ ቀና ሳይል «መላሪያ» አለኝ። ካርቱም ውስጥ ሁሉ ነገር መላሪያ ነው፤ ባል ቢጠፋም መላሪያ ነው። ክኒኑን ጨረስኩ። ሁለተኛው «ታይፎይድ» አለ፤ የሱንም ጨረስኩ። በሦስተኛው ክሊኒክ አግዳሚው ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆይቼ ስሜ ሳይጠራ ቀረ። ከጎኔ የተቀመጡ የማላውቃቸው አሮጊት የራጅ ፖስታቸውን እንደ ማራገቢያ ይዘው ሲያራግቡልኝ ዋሉ። ቋንቋቸውን አልሰማም፣ ቋንቋዬን አይሰሙም። ከዚያ ቀን ሕክምና የጠቀመኝ ያ ፖስታ ነው።

ሰዓዳ ደግሞ የራሷ ምርመራ ነበራት። «የወፍ በሽታ ነው! ወፍ ጥላዋን ጥላብሽ አልፋለች» አለችኝ። ካላክላ ድረስ በተጨናነቀ ሚኒባስ ወስዳ ለአንዲት የአገራችን ሴት ሰጠችኝ፤ ሴትየዋ መራራ ሥር በጥብጣ አጠጣችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አንጀቴ በአፌ ሊወጣ ደረሰ። ያከራዩን ሐጃ ይህን ሲያዩ «ይሄማ የረቃን ነው» አሉ፤ በነሱ አባባል ያው ዓይን ቢጫ የሚያደርግ በሽታ ማለት ነው። ሚስማር አግለው አንጓዬ ላይ ተኮሱኝ። ጉበቴ የት እንዳለ የማያውቅ ሁሉ ጉበቴን አከመው። የጆሮ ወርቄ በዚህ መሐል ተሸጦ ሄደ።

በዚያ ሁሉ አንድ ሰው እንኳ «መርፌ ትወጊያለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ፣ አልነበረኝም። ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ በወጣ ቁጥር ወይ ሽቶዬ ወይ ቶቤ እንደተያዘ ይቀራል። በዚያ ላይ «መርፌ» ብል ከአልጋ በፊት ካቴና እንደሚመጣልኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ፍርሃቱ የሚበረታብኝ በጠራራ ቀትር ነበር። ከተማው በሙሉ በር ዘግቶ ሲተኛ፣ ግቢው ውስጥ ቁራ እንኳ ሳይጮህ፣ «አሁን ብሞት እስከ ዓርብ የሚያገኘኝ የለም» እል ነበር።

ናዲያን ያገኘኋት እንዲህ ሳለሁ ነው። እዚያው ሰፈር አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ ሲስተር ነበረች። እናቷ ሐበሻ፣ አባቷ ሱዳናዊ፤ አማርኛዋ እንደ ተበደሩት ልብስ እዚህም እዚያም ይጠባታል፣ ግን ትናገረዋለች። ደም ልትቀዳ እጅጌዬን ሰበሰበች። ግራ ክንዴን አየች፣ ቀኙን አየች። እኔ ጣራውን አየሁ።

«ኻልቲ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «ደም ሥሩ የት ሄደ?»

«ወሎ ሄደ» አልኳት።

ሳቀች። «ሲመለስ ሰላም በዪልኝ» ብላ ከእግሬ ቀዳች። ከዚያ ክሊኒኩ ጓሮ ወስዳ አስቀመጠችኝ።

«በሳምንት ስንቴ ነው?»

«ምኑ?»

«ኻልቲ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። እኔ በዓርብ ቤት ነው ያደግሁት፣ ሻንጣ ላይ ተኝቼ። ስንቴ?»

ነገርኳት። ከዚያ ስብከቱን መጠበቅ ጀመርኩ፤ መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን፣ «እስከሚቀጥለው ዓርብ ስንት አዲስ መርፌ ይበቃችኋል?» አለችኝ።

በእኛ ንግድ ያለ ዋጋ ዕቃ የሚሰጥሽ ሰው ወይ አጭበርባሪ ነው ወይ ሞኝ። ዓይኗን አየሁት፣ ሁለቱንም አልመስል አለችኝ።

«ተዪው አትዪኝም?»

«ብልሽ ትተያለሽ?»

«አልተውም።»

«እሺ፣ አፌን ለምን አደክማለሁ? ያላ፣ መወጋትሽ ካልቀረ ሳትሞቺ ተወጊ።»

የደሙ ውጤት መጣ፤ የጉበት ብግነት። ወፍም ሚስማርም አያውቀውም፤ ዓይን የማያየው ተሕዋስ ነው፣ በአንድ መርፌ ከደም ወደ ደም ይሄዳል። መድኃኒት ትሰጠኛለች ብዬ ስጠብቅ ናዲያ «ዕረፍት» አለችኝ፣ የካላክላውን ሥር ከለከለችኝ፣ «ሌሎቹንም አሳዪኝ» አለች።

በዓርቡ መጣች። ልጆቹ ነጭ ጫማዋን ሲያዩ ወሬው ቀጥ አለ። አንድ ፌስታል መርፌ መሐል ላይ አስቀምጣ፣ «ለእያንዳንድሽ የራስሽ» አለች።

ሰዓዳ ፈነዳች። «እኛን ልትለያዪን ነው የመጣሽ? እኛ እህትማማች ነን! ደግሞ በኮሎኛ ይታጠባል!»

«ኮሎኛው ጀርሙን አልገደለውም፣ አስዋበው እንጂ» አለች ናዲያ። ልጆቹ ፈገግ አሉ፣ ሰዓዳ ግን ፊቷን አልፈታችም። ናዲያ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። በራፉ ጎን ግድግዳው ላይ፣ በየሚስማሩ፣ የጥርስ መፋቂያዎቻችን ተንጠልጥለው ነበር፤ እንዳይሳሳት እያንዳንዱ የየራሱ ቀለም ክር ታስሮበታል። የሰዓዳ አረንጓዴ ነበር። ናዲያ ብድግ ብላ አረንጓዴውን አነሳችና በቅርብ ለተቀመጠችው ልጅ ዘረጋችላት።

«እንቺ፣ ፋቂበት።»

ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች። «ያረቢ! በሷ ምራቅ?»

«ምን አልሽ አንቺ? ምራቄ ምን ሆነ?» አለች ሰዓዳ።

«ምንም አልሆነም፣ ግን የራስሽ ነው!»

ናዲያ መፋቂያውን ወደ ሚስማሩ መለሰችው። «ምራቋን ትጸየፊያለሽ፣ ደሟን ግን ትወጊያለሽ።»

ከዚያ ሰዓዳ ራሷ ሳቀች፤ እሷ ከሳቀች ደግሞ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። በዚያው ቀን ከቶብ ጠርዝ የተረፈኝን ክር አወጣሁና በየልጁ መርፌ መያዣ ላይ እንደ መፋቂያው ቀለም አሰርኩ። ያገለገለው ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፣ ቆርቆሮው ሲሞላ ናዲያ ትወስደዋለች። አንዷም ለብቻዋ ተዘግታ አትወጋም። አንዷ ትንፋሿ ከከበደ በጎኗ እናስተኛታለን፣ እንጠራታለን፣ ወደ ናዲያ እንሮጣለን። ይሄ ሁሉ ሕግ የወጣው ኒም ዛፍ ሥር፣ ጣፋጭ እየበላን ነው።

የእኔ ዓይን ለመንጣት ወራት ፈጀ። መርፌውን ለመተው ደግሞ ከዚያም በላይ። አንድ ጊዜ ተውኩት፣ ተመለስኩ። ደግሜ ተውኩት፣ ደግሜ ተመለስኩ። ስመለስ ናዲያ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብላ አዲስ መርፌ ትሰጠኛለች እንጂ ፊቷን አታጠቁርብኝም። ሦስተኛው ላይ ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ወጣሁ። ላቤ እየወረደ፣ አጥንቴ እየተቆረጠመ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየሰደብኩ። ያን ወር ያከራዩን ሐጃ በየቀኑ ሾርባ ያመጡልኝ ነበር፤ ለሚስማሩ ካሣ ይመስለኛል።

የፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ገቡ፤ ሰፈሩን ባለ ሦስት እግር ረክሻ ሞላው። ሰዓዳ አልተወችም ነበር። የዓርቧን በራሷ መርፌ ትወጋለች፤ በመሐል ግን አሠሪዋ ቤት ስትሆን አልቻል ሲላት፣ የተጣለ የደነዘዘ መርፌ ጭኗ ላይ ሰካች። አንድ ዓርብ ጠዋት ግድግዳ ይዛ ገባች። ጭኗ ላይ ብርቱካን የሚያህል እብጠት፣ እሳት የመሰለ። መግል ቋጥሯል፤ ተቀዶ መውጣት አለበት።

ችግሩ ዓርቡ ነበር። የናዲያ ክሊኒክ ዓርብ ዝግ ነው፤ ሰዓዳ ደግሞ ከዓርብ በቀር ከአሠሪዋ ቤት አትወጣም። ትልቁ ሐኪም ቤት ወሰድናት። መዝጋቢው ጭኗን አየና፣ «መጀመሪያ ከፖሊስ ወረቀት አምጡ» አለ። ሰዓዳ ወረቀቱን ልታመጣ የምትሄድ መስላ ወጣች፣ ረክሻ ውስጥ ገብታ «ቤት» አለች። ናዲያ ክሊኒኩን እንዲከፍት የክሊኒኩን ሙዲር፣ ኃላፊውን ዶክተር፣ ለመነችው። «የመርፌ ሴቶች ካስገባሁ ክሊኒኩ ይዘጋብኛል፤ ዓርብ የለንም» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ የፈራ ሰው ነበር። ሰዓዳን ወደ አሠሪዋ አልመለስናትም፤ ሥራው ይቅርብሽ ብለን ክፍሉ ውስጥ አስተኛናት። ናዲያ ከክሊኒክ ወጥታ በየምሽቱ ታያታለች፣ ክኒን ትሰጣታለች፤ ትኩሳቱ ግን ወጣ ወረድ እያለ ይጨምር ነበር። «ካልተቀደደ ወደ ደሟ ይገባል» አለችኝ ናዲያ።

እኔ ደግሞ ቢሮ መግባት አልችልም፤ ግቢ መግባት ግን እችላለሁ። የሙዲሩ ባለቤት የዓመታት ደንበኛዬ ነበሩ። ሰኞ ጠዋት የቶብ እስሬን ተሸክሜ በኩሽና በር ገባሁ። ሳሎን ዘረጋሁ፣ ግራጫውን፣ ሐምራዊውን። ሴትየዋ ወገባቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር፤ ከመኝታ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የመድኃኒት ካርቶን በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየው ነበር። የኛው መድኃኒት ነው። የሳቸው በማዘዣ፣ የኛ በኮሎኛ።

«ዛሬ ዝም አልሽ» አሉኝ።

«እመቤቴ፣ አንዲት ልጅ አለችኝ። ጭኗ አብጦ ልትሞት ነው።»

«ሐኪም ቤት አትሄድም?»

«ሄደች። የፖሊስ ወረቀት አሏት።»

«ምን አጥፍታ?»

ስለ ካርቶኑ ትንፍሽ አላልኩም። ያንን ማንሳት ንግድ አይደለም፣ ንጥቂያ ነው። «ወገቧን፣ እግሯን ያማት ነበር። መርፌ ለመደች» አልኩ።

ሴትየዋ ግራጫውን ቶብ በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። «ማዘዣ የላትም?»

«ማን ይጽፍላታል፣ እመቤቴ?»

ወደ መኝታ ቤታቸው በር አንዴ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። «ግራጫውን ተዪልኝ። ልጅቷን ለዓርብ እንዳታቆዪያት። ነገ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አምጫት፤ ባለቤቴ ቁልፉን ይዞ ይጠብቅሻል።»

ጠበቀን። ጋዋን አልለበሰም፣ በጀለቢያው ነው የመጣው፣ ፊቱም ጠቁሯል። «ዛሬ ብቻ» አለ በሩን ሲከፍት። ናዲያ ሰዓዳን ደግፋ አስተኛቻት። ምላጩ ሲነካት ሰዓዳ ያን ምላሷን ፈታችው። «እጅህ ይድረቅ! ዘርህ ይጥፋ! አንተ የሰይጣን አጎት!»

«ምን ትላለች?» አለ ዶክተሩ።

«እየመረቀችህ ነው» አለች ናዲያ።

«አመራረቋ ጉልበት አለው» ብሎ መግሉን አወጣ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሰዓዳ ተሳደበች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ቀለል አላት። እሱም ጓንቱን አውልቆ ቁጭ አለ፤ «አንድ ሁለት ቀን ብትቆይ እግሯ አይደለም፣ እሷ ነበረች የምትሄደው» አለ ለማንም ሳይሆን።

ሰዓዳ ፋሻውን እየነካካች በአረብኛ ጠየቀችው። «ማሰሪያው መቼ ይቀየራል?»

«በሦስት ቀን...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ቆጠረ። ሦስተኛው ቀን ምን ቀን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ናዲያ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ አገላበጠው፣ ለናዲያ ሰጣት።

«ዓርብ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ከዐስር በኋላ የጓሮው በር ይከፈት ነበር። ሰሌዳ የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤ የሰማች ትመጣለች። ወረቀት አይጠየቅም። ከሳጃና ብቻ ሳይሆን ከካላክላም፣ ከኦምዱርማንም ድልድይ ተሻግረው ይመጡ ነበር፤ ሐበሻም፣ ሱዳናዊትም። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አዲስ የመጣችውን አወራታለሁ፤ የሚፈራ ሰው ከሲስተር በፊት ነጋዴ ነው የሚቀናው። ያ አግዳሚ ይናፍቀኛል። እዚያ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አልዳኑም፤ ሁለቱን ቀብረናል። ግን ስማቸውን እያወቅን፣ አጥበን፣ ሰግደን ነው የቀበርናቸው።

አንቺ ይህን የምታነቢ እህቴ፤ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወፍም አትፈልጊ፣ ሥርም አትጠጪ፤ ደምሽን ተመርመሪ። ብትወጊ የራስሽን ብቻ፣ ብቻሽንም አትሁኚ። እውነቱን የምትነግሪው አንድ ሰው ፈልጊ። ባይሆንልሽ ደግሞ ነገ ሌላ ፈልጊ።

ሰዓዳ ከዚያ በኋላ ዓመታት ተወጋች፤ ሁሌም በራሷ አዲስ መርፌ፣ ሁሌም ሰው ባለበት። ጠባሳው ትንሽ ያነክሳታል። በኋላ ወደ አገሯ ገባች። ከከሚሴ ደወለችልኝ።

«ዘሃራዬ፣ ተውኩት እኮ። ዓመት ሞላኝ።»

ደስታዬን ልደብቅ ብዬ፣ «ማን ጠየቀሽ?» አልኳት።

«የተውኩት ማንም ተዪ ብሎ ስላልጠየቀኝ ነው» አለችኝ።